ነቀዙን በገንዘቤ ነው የገዛሁት

መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ሐምሌ ውስጥ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ከጓዳ በኩል ደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ ነገር ያለ ይመስል ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ መጥረጊያ ይዤ ገባሁ። አይጥ የለም። ድምፁ የሚወጣው ከበቆሎው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። አፉን ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ስከተው እህሉ ሞቀኝ፤ ሊጥ እንደቦካበት ቡሃቃ ለብ ብሏል። ሳወጣው ክንዴ በነጭ ዱቄት ተለውሶ፣ በዱቄቱ ላይ ነቀዙ ሽቅብ ወደ ትከሻዬ ይሮጣል።

ያ እህል የአሥር ወር ዕቁቤ ነበር። እዚያው ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ታላቅ እህቴ ደሴ ናት። ጥር ላይ፣ ውቃው አልቆ ገበያው እህል ሲጠግብ፣ ሁለታችን ተጋርተን አራት ኩንታል በቆሎና ሁለት ኩንታል ስንዴ ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ክምር አስመዝነን ገዛንና እኩል ተካፈልን። ነቀዙን ባየሁ በማግሥቱ ደወልኩላት። «እትዬ፣ ያንቺ በቆሎ እንዴት ነው?» ስላት፣ ስልኩን እንደያዘች ጓዳ ገብታ ስትበረብር ቆየችና «የኔማ ደህና ነው፤ አንድ ሁለት ነቀዝ አየሁ እንጂ ምንም አላለም» አለችኝ። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ። ቤቴን ዓይን የበላው ነበር የመሰለኝ።

ምክንያቱ ሐረጎ ነው። ከደሴ ተነስቶ ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ከ600 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ነቀዝ ሙቀት ይወዳል። እናቲቱ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ፍሬው ውስጥ እየበላ ያድግና ነቀዝ ሆኖ በስቶ ይወጣል። በሞቃት ቦታ ይህ ሁሉ አምስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ብርድ ሲሆን በብዙ ይዘገያል። ከጥር እስከ ሐምሌ ስንት ትውልድ እንደሚሆን እናንተው አስሉት። የእህቴና የኔ በቆሎ ነቀዝ የወላድና የልጅ ልጅ ልዩነት ብቻ ነው የነበረው። እንቁላሉ ገና ስንገዛው በሁለታችንም እህል ውስጥ ነበር። ላዩ ንጹሕ ስለሆነ አላየነውም እንጂ ነቀዙን በኪሎ አስመዝነን፣ የጋሪ ከፍለን ነው ቤታችን ያስገባነው።

ይህን ባላውቅ ነው በዓመቱ ሌላ ጥፋት ያጠፋሁት። እሱን ሳልሸፍን ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈውም ይበልጡን ለእሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት እህል ስገዛ ነጋዴውን «ነቀዝ ጨረሰኝ» አልኩት። «ለሱማ መድኃኒት አለው» ብሎ ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ግራጫ ክኒን አውጥቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለኩንታል ሁለት ጣል አርጊና አፉን ጥብቅ አርገሽ እሰሪ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ጓዳዬ ጠባብ ስለነበር ሁለቱን ማዳበሪያ መኝታ ቤት፣ ከልጆቹ አልጋ ግርጌ አቆምኳቸው። ሌሊት ትንሿ ልጄ ማስታወክ ጀመረች። የበላችው ነገር ነው አልኩ። ቀጥሎ እኔን ራሴን ይፈልጠኝ፣ ደረቴን ይጫነኝ ጀመር። ባለቤቴ ከውጭ ሲገባ «ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል» አለ። እኛ ውስጥ የነበርነው ግን አልሸተተንም። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወጣን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ተረኛው ሐኪም ገና ሳያያት የጠየቀን «ቤታችሁ እህል አለ ወይ?» ብሎ ነው። ስንቱን አይቶ እንደሆነ ከጥያቄው ገባኝ። እኛ ተርፈናል፤ አልሐምዱሊላህ።

ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለው እሱ ነው፤ ሰውንም የሚገድለው እሱ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪሞች የሚያደርጉት ሰውነት እስኪቋቋመው ድረስ መርዳት ነው። በማዳበሪያ ሽመና ውስጥ ያልፋል፣ በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል፣ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። አፉን ብታስሩት ምንም ማለት አይደለም። ሽታው ስለሌለ ጋዙ የለም ማለትም አይደለም። የተሠራው ሰው ለማያድርበት መጋዘን፣ በሸራ ለሚታፈን ክምር፣ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ነው። በስህተት ቤት ገብቶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሰዉን ወደ ደጅ ማውጣት፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው እንጂ ወተት እየጋቱ ቤት መቆየት ጊዜ ማባከን ነው። እህሉን ለማዳን ተመልሶ መግባት የለም። ውኃ መድፋትማ ጭራሽ፤ ውኃ ሲያገኝ ጋዙ ይብሳል።

እናቴ ሐይቅ አጠገብ ከገጠር ነው የምትኖረው። የደረሰብንን ሰምታ በሳምንቱ መጣች። ልጆቹን ስማ ጨርሳ፣ ቡና ሳይፈላ፣ «እስቲ እህሉን አሳዪኝ» አለች። ከማዳበሪያው ስር (ከላይ አይደለም!) አንድ እፍኝ ዘገነች፤ በሰፌድ ላይ ከከፍታ ለቀቀችው። ጆሮዋን ሰጠች። አንዷን ፍሬ አንስታ በመንጋጋዋ ነከሰቻትና ተፋቻት። «ልጄ፣ ይህ እኮ አልደረቀም። እርጥብ እህል አስገብተሽ ክኒን ምን ያድርግልሽ?» አለችኝ። የደረቀ እህል ሰፌድ ላይ ሲወድቅ ይጮኻል፤ ሲነክሱት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ያልደረቀው ጥርስ ስር ይተጣጠፋል። እሷ ይህን የተማረችው ከእናቷ ነው። 77ን ያየ የወሎ ሰው ስለ እህል ሲናገር አይቀልድም፤ እናቴ ዛሬም ድረስ የጎታዋን ታች አራግፋ አታውቅም፤ አዲሱ ሳይገባ አሮጌው አያልቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ሳምንት አመጣሁት። እህል ቤቴ በገባ በሳምንት ውስጥ ያላደረግሁትን በኋላ ምንም ብለፋ አላገኘውም።

ስገዛ ማዳበሪያውን ከታች በኩል አስከፍቼ አያለሁ። ነጋዴ ይከፋዋል፤ ይክፋው። የተበሳ ፍሬ፣ ዱቄት፣ የሻገተ ጠረን፣ ሲጨብጡት የሚቀዘቅዝና የሚያያዝ እህል ካለ እተወዋለሁ። የበልግ ገብስ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የኛ ደጋ በልግ የሚታጨደው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ገብሱ ፀሐይ ሳያገኝ ነው ገበያ የሚወጣው። ዋጋው ይጣፍጣል፤ ለዚያ ሳምንት ቆሎና ለበሶ ይሁን፣ ለማስቀመጥ ግን እኔ አልገዛውም። የመኸሩ ጥር ላይ ይመጣል።

ቤት ሲደርስ በወንፊት ይነፋል፤ ስብርባሪውና ዱቄቱ ይወጣል። የዱቄት ተባይ ስብርባሪ ይወዳል። ከዚያ ሸራ ላይ ስስ አድርጌ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ መሬት ላይ በቀጥታ አይሰጣም፤ አፈሩ እርጥበት ይመልስበታል። በየሰዓቱ በእግር ማገላበጥ የልጆቹ ሥራ ነው፤ ሲጣሉ ይውላሉ እንጂ ይሠሩታል። ነቀዝ መኖሩን ከጠረጠርኩ ጥቁር ላስቲክ አንጥፌ፣ እህሉን በስሱ ዘርግቼ፣ በላዩ ነጭ አሳላፊ ላስቲክ አልብሼ ጠርዙን በድንጋይ አፍነዋለሁ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ እጅ የማያስቀምጥ ይሆናል፤ ፍሬው ውስጥ ያለውም ትል ይሞታል። ብቻ ለዘርና ለብቅል የሚሆነውን እንዲህ አታድርጉት፤ ሙቀቱ ቡቃያውንም ሊገድለው ይችላል። የጎረቤቴ የጠላ ብቅል በኔ ምክር አልበቅል ብሎ ለሳምንት አኩርፋኛለች።

ማታ ከፀሐይ እንደተነሳ ትኩሱን ማዳበሪያ ውስጥ መክተት ደግሞ የኔ የድሮ በሽታ ነበር። ትኩስ እህል ሲታሰር ያልባል፤ ላቡ መልሶ ያረጥበዋል። ጥላ ውስጥ አድሮ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው የሚገባው።

ጥርስ ለሌለው ወይም ጥርሱን ለማያምን የጨው ዘዴ አለ። ጨው ምጣድ ላይ አድርቃችሁ አቀዝቅዙ። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሁለት እፍኝ እህልና ትንሽ ጨው ጨምሩ፣ ክደኑና በደንብ ናጡ፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና ወደ ፀሐይ መልሱት። ካልተለጠፈ ጥሩ ነው፤ ግን ለብዙ ወር የሚቀመጥ በቆሎ 13 በመቶና ከዚያ በታች መውረድ ስላለበት እኔ ጨው ካልያዘም በኋላ አንድ ቀን እጨምርለታለሁ።

አሁን ስለ ከረጢቱ። ፒክስ የሚሉት ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ያስተዋውቁታል፣ የግብርና ዕቃ የሚሸጡም ጋ ይገኛል። መጀመሪያ የተሠራው ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ነው። ውጭው ተራ ማዳበሪያ ሲሆን ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። አስማት የለውም፤ አየር አያስገባም፣ በቃ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለችውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና መብላት ያቆማል፤ ቀስ ብሎም ያልቃል። አሠራሩ ላይ ግን ችኮላ አይሆንም። መጀመሪያ ላስቲኮቹን እንደ ፊኛ ነፍቶ በእጅ ጨመቅ እያደረጉ ማየት፤ ቀዳዳ ካለ ያፏጫል። እህሉ ሲገባ እየነቀነቁ መጠቅጠቅ፣ አየሩን አስወጥቶ የውስጡን ላስቲክ ጠምዞ ለብቻው ማሰር፣ ሁለተኛውን ለብቻው፣ ውጭውን ለብቻው። ብዙ ሰው ሦስቱንም አንድ ላይ ጠቅሎ በአንድ ገመድ ያስርና «ፒክስ አይሠራም» ይላል። ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ወር፣ ቢቻል ለሁለት፣ አይከፈትም። እርጥብ እህል ብትከቱበት ደግሞ ነቀዙ ይሞትና ሻጋታው ይነግሣል፤ የሻገተ በቆሎ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ቢቀቅሉትም ቢጋግሩትም አይጠፋም። «ለዶሮ ይሆናል» የምትሉም ተዉት፤ ዶሮንም ይጎዳል።

እኔ ፒክስ በያዝኩበት መጀመሪያ ዓመት ላይ የሳትኩት፣ ሁሉን በአንድ ትልቅ ከረጢት አስሬ በየሳምንቱ ለወፍጮ እየከፈትኩ መዝገን ነበር። በከፈትኩ ቁጥር አየር እሰጠዋለሁ። አሁን ከፋፍዬዋለሁ፤ የሚቆየው በፒክስ፣ የወሩ ቀለብ በባልዲና በጀሪካን።

ጀሪካን ስል የዘይት ቢጫ ጀሪካን ነው፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ውስጡ ድርቅ ያለ። ፀረ ተባይ የነበረበት አይሆንም፤ ቢታጠብም አይሆንም። ለሽምብራና ለባቄላ ከፒክስም ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። እስከ አፉ ሞልቶ፣ ክዳኑ ስር ላስቲክ አድርጎ ማጥበቅ ነው። የሽምብራ ነቀዝ እንደ በቆሎው ተደብቆ አይጥልም፤ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ነው የሚለጥፈው። ስትገዙ ሽምብራውን መዳፍ ላይ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ብታዞሩት፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው፤ አፈር እንዳይመስላችሁ። እናቴ ለዘር የምታስቀምጠውን ሽምብራ በተነፋ አመድ ትለውሰዋለች። ይሠራል፤ ግን ጭብጥ አመድ በላዩ መነስነስ አይደለም፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ነው። የኒም ቅጠልም፣ ስሚዛም ሞክሬያለሁ። ትንሽ ያዘገያሉ እንጂ ብቻቸውን እህል አያድኑም፤ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ለሽሮና ለወጥ የሚሆነውን ቶሎ አምሶ ክክ ማድረግ ከሁሉም ይቀላል፤ የሽምብራ ነቀዝ ሙሉ ፍሬ ነው የሚፈልገው።

ጤፍ ላይ አትድከሙ። ነቀዝ የሚገባባት ፍሬ አይደለችም፤ ደርቃ ከገባች ዓመታት ትቆያለች። ከእርጥበትና ከአይጥ ብቻ ጠብቋት። እንዲያውም በገጠር ማሽላና ባቄላ ውስጥ ጤፍ ይጨምራሉ፤ ጤፏ ክፍተቱን ሞልታ ነቀዙን መሄጃ ታሳጣዋለች፤ በኋላ በወንፊት ትለያለች። አቅም ሲኖር የሚደረግ ነገር ነው መቼም።

ወፍጮ ቤት የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ከወፍጮ ሲወጡ ይፋጃሉ። እንደታሰሩ አሳድረን ጠዋት «ሽሮው ለምን ጓጎለ፣ ለምን ሸተተ» እንላለን። ቤት እንደገባችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ክደኑት። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ከወር ቀለብ በላይ አታስፈጩ፤ ደሴዎች ትንሽ መለጠጥ ትችላላችሁ።

ስለ ወፍጮ ካነሳሁ አይቀር በ2014 ያየሁትን ልበል። ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቴ ውስጥ እህል ነበር፤ መብራት ግን የለም፣ ስለዚህ ወፍጮ የለም። ስንዴው ማዳበሪያ ሙሉ ቆሞ እያየን ዱቄት አጣን። ያ ወር ያለፈው በንፍሮ፣ በተቆላ እህል፣ ባለችን በሶና በክክ ነው። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የድንጋይ ወፍጮዋን ከዶሮ ቤት አስወጥታ አጥባ አቀረበችልን፤ ተራ ገብተን በእጃችን ፈጨን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ። እሷ ደግሞ «አብሽሩ፣ እኛ በዚህ ነው ያደግነው» ትለን ነበር። ከዚያ ወዲህ እህል ሳስቀምጥ አንድ ጀሪካን በሶ፣ አንድ ጀሪካን ክክ፣ አንድ ጀሪካን የቆሎ ገብስ ሁልጊዜ ይኖራል። ወፍጮ የማይጠይቅ ቀለብ ነው ቁም ነገሩ።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ሲሚንቶ ወለል ያልባል፤ ከስሩ ጣውላ ይደረጋል፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ ይርቃል። አሮጌውን ከፊት፣ አዲሱን ከኋላ። የአምናውን ማዳበሪያ ሳታፈሉና ፀሐይ ሳታስመቱ መልሳችሁ አትጠቀሙበት፤ ስፌቱ ውስጥ የአምናው ነቀዝ አድፍጦ ይጠብቃችኋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማታ ማታ ጆሮዬን ማዳበሪያው ላይ እለጥፋለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል።

ነቀዙን ከተገላገልኩ በኋላ የቀረኝ አይጥ ነበር። ፒክስን ይበሳል፤ አንዴ ከተበሳ ዋጋ የለውም። ድመት አመጣሁ። አይጡ ጠፋ፤ ጉድ ነው ብዬ ተደሰትኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጓዳ ስገባ ድመቲቱ የፒክሱን ማዳበሪያ አቅፋ ጥፍሯን እየሳለችበት አገኘኋት። ሁለቱንም ላስቲክ በስታዋለች። ያን ኩንታል ያለ ጊዜው አስፈጭተን በላነው። አሁን ከረጢቶቹን በአሮጌ ጆንያ አልብሻቸው፣ ለሷ ደግሞ የምትቧጥጠው ግንድ ጓዳው በር ላይ አቁሜላታለሁ።